አቡነ ያዕቆብና የጸሎት ማኅበራቸው

በሐምሌ ወር የቅዱስ ዩስጢኖስ ዘያዕቆብ መታሰቢያ በሚከበርባቸው የግዕዝ ሥርዓት ቁምስናዎች፣ ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ካህናቱ በግዕዝ ይቀድሳሉ፤ መዘምራኑ ከበሮ እየመቱ ያሸበሽባሉ። ይህ ሁሉ ከእናትና ከአባት የተረከብነው ነገር በመሆኑ፣ እንዴት እዚህ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ልጆችን የሚያስተምሩ ካቴኪስቶች ግን ጥያቄው አልፎ አልፎ ይቀርብላቸዋል። ካቶሊካውያን ከሆንን በሮም እንደሚደረገው የማንቀድሰው ለምንድን ነው? ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር የምንጾመውስ ለምንድን ነው? የመልሱ ትልቁ ክፍል የሚገኘው አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ ብለው በጠሯቸው በአንድ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ሕይወት ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዩስጢኖስ ኦክቶበር 9 ቀን 1800 በደቡብ ጣሊያን፣ ሳን ፌሌ በምትባል የተራራ ከተማ ተወለዱ። ከ14 ልጆች መካከል 7ኛው ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ ናፖሊ ከተዛወረ በኋላ፣ በ18 ዓመታቸው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ጳውሎስ ወደ መሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 በብሪንዲዚ ከተማ ማዕረገ ክህነት ተቀበሉ። ከዚያም ለ15 ዓመታት ያህል በገጠር ላሉ ድሆች በመስበክና ኑዛዜ በመስማት አገለገሉ። በ1836 እና በ1837 ናፖሊን ኮሌራ በመታት ጊዜ ከሕሙማኑ ሳይለዩ ቀሩ። ስለ ወጣትነታቸው ብዙ የሚነገር ቢኖርም፣ ለዛሬው ጉዳያችን ይህ ይበቃናል፤ ወደ አገራችን የመጡት የተማሩ ጀማሪ ሳይሆኑ፣ ከድሃ ሕዝብ ጋር መኖር የለመዱ፣ በአገልግሎት የበሰሉ ካህን ነበሩ።

በ1838 ከእነዚሁ የላዛሪስት አባቶች አንዱ የሆኑት አባ ዮሴፍ ሳፔቶ ከፈረንሳውያኑ ተጓዦች ከአባዲ ወንድማማቾች ጋር አድዋ ደርሰው ነበር። ሮም ይህን በሰማች ጊዜ የኢትዮጵያን ተልእኮ እንደገና ለመጀመር ወሰነች፤ በ1839 ዩስጢኖስን የተልእኮው አለቃ አድርጋ ሾመች። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ከምፅዋ ወደ ደጋው ወጥተው አድዋ ገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። ሕዝቡ የሮምን ካህን ሲያይ ምን ያስታውስ ነበር? ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ የኢየሱሳውያን አባቶች በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን አግኝተው ነበር። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ምእመናን እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናት እንደገና እንዲቀቡ፣ ጾሙና በዓላቱ እንዲለወጡ፣ ቅዳሴውም የላቲንን መልክ እንዲይዝ አዘዙ። የተከተለው የእርስ በርስ ጦርነትና ደም መፋሰስ ነበር። በ1632 ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ስለ ባሕርየ ክርስቶስ የተደረገው ክርክር በሊቃውንቱ መካከል ከባድ እንደ ነበር የማይካድ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ገበሬውንና ባላገሩን ለጦርነት ያነሣሣው ክርክሩ ብቻ አልነበረም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከጎረቤቱ ጋር የጾመው ጾም፣ አያቶቹ የተጠመቁት ጥምቀት፣ ሙታኑ የተሸኙበት ፍትሐት ከንቱ ነው የተባለ መሰለው። ጾሙና ቅዳሴው ሲወሰድበት፣ ከማን ወገን እንደ ሆነ የሚያውቅበት ምልክት አብሮ ተወሰደበት።

አባ ዩስጢኖስ ይህን ታሪክ ተረድተው ነበር ለማለት የሚያስችለን አኗኗራቸው ነው። አድዋ እንደ ደረሱ ቤተ ክርስቲያን አልሠሩም፤ ለክርክርም አልተነሡም። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። የአገሩን መነኮሳት ልብስ ለበሱ፤ እንደ ሕዝቡ በሉ፤ የአገሩን ጾም ጾሙ። በጃንዋሪ 26 ቀን 1840 በቤታቸው ለተሰበሰቡ ጥቂት ወዳጆች በአገሩ ቋንቋ የመጀመሪያውን ንግግር አደረጉ፤ ስለ ክርክር ነጥቦች ሳይሆን ወደዚህ አገር ስላመጣቸው ፍቅር ተናገሩ። ከዚያ ዕለት አንሥቶ እየተመላለሱ የሚያነጋግሯቸው ሰዎች በዙ። የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የአዲሱ ዘመን ታሪክ የሚጀምረው እንግዲህ በተከራዩት ቤት ውስጥ ከተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ነው።

ብዙ ሳይቆይ ያልታሰበ ፈተና መጣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአሥር ዓመት በላይ ጳጳስ አጥታ ነበር። የትግሬና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ ለመለመን ወደ ካይሮ መልእክተኞች ሲልኩ፣ አባ ዩስጢኖስ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። ለአንድ የሮም ካህን ይህ አስቸጋሪ ልመና ነበር፤ የራሳቸው ተልእኮ ተቃዋሚ ሊሆን የሚችልን ጳጳስ ለማምጣት መሄድ ማለት ነውና። መልእክተኞቹ ወደ ሮም እንዲያልፉ ፈቃድ እንዲሰጥ ጠይቀው እሺ አሉ፤ በ1841 መጀመሪያ ጉዞው ተጀመረ። በካይሮ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከመልእክተኞቹ ከፊሉ ከአዲሱ ጳጳስ ጋር ሲመለስ፣ ከፊሉ ከአባ ዩስጢኖስ ጋር ወደ ሮም ሄደ፤ በኦገስት ወርም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በክብር ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በ1842 ወደ አድዋ ተመለሱ።

በዚህ ጉዞ ላይ ከነበሩት አንዱ የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በመርጡለ ማርያም ገዳም የመነኮሱ፣ አንድ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠፋ፣ የእውነተኛውን ምንኵስና መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የዞሩ ሊቅ ነበሩ። ከአባ ዩስጢኖስ ጋር የተጓዙት አምነዋቸው አልነበረም፤ በጥርጣሬ እየተመለከቷቸው ነበር። ወራት በፈጀው መንገድ ላይ ያ አውሮጳዊ ካህን እንዴት እንደሚጸልይ፣ ለታመመ እንዴት እንደሚያዝን፣ ለተናደደበትም እንዴት እንደሚመልስ አዩ። ሆኖም አልቸኮሉም። ከተመለሱ በኋላም ብዙ አነበቡ፣ ብዙ ጠየቁ፤ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንድነት የገቡት በ1844 ነው። ምሁሩን የማረካቸው መጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ረጅም መንገድ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ አባ ዩስጢኖስ በአጋሜ፣ ጓላ በምትባል ቦታ የዘርአ ክህነት ቤት መሠረቱ። ስለዚህ ቤት ጥቂት ልናገር፤ የማኅበሩ መልክ በግልጽ የታየው በዚያ ነውና። እዚያ የተሰበሰቡት ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ወጣቶች፣ ደብተሮች፣ በዕድሜ የገፉ መነኮሳትም ነበሩበት። ከጎጃም የመጣው ከትግራይ ተወላጁ ጋር አንድ ማዕድ ቀረበ። አባ ገብረ ሚካኤል ደቀ መዛሙርቱን አስተማሩ፤ ከአለቃቸውም ጋር ሆነው በአማርኛ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ። ካቴኪስቶቻችን ዛሬ የሚይዙት መጽሐፍ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ቤት ይመዘዛል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አውሮጳዊው አለቃ ጸሐፊና ፈራጅ ሆነው በበላይነት አልተቀመጡም፤ የማያውቁትን ከደቀ መዛሙርታቸው ጠየቁ፤ የሚያውቁትን ሰጡ።

ስለ ሥርዓቱ የወሰዱት አቋም ከዚህ ኑሮ የተለየ አልነበረም። ሕዝቡ ካቶሊክ ለመሆን ቅዳሴውን መተው አለበት ብለው አላሰቡም። የግዕዙ ቅዳሴ፣ የዓቢይ ጾምና የፍልሰታ ጾም፣ የእመቤታችን በዓላት በዚህ አገር ክርስትና ሥር የሰደዱ ናቸው፤ ሃይማኖቱም በእነርሱ ይነገራል። ከዚህ በላይ ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ግዕዝ የማንም የቤት ቋንቋ አልነበረም። ጎንደሬው አማርኛ፣ የአድዋው ሰው ትግርኛ፣ በተራራማው የኢሮብ አገር በዓሊቴና ያለው ሳሆ ይናገራል። ሁሉም በቅዳሴ ሲቆም ግን በአንድ ቃል ይመልሳል። በቋንቋ የተለያየው ሕዝብ ለሰዓታትም ቢሆን አንድ አፍ ይሆናል ማለት ነው። ዓሊቴና ከ1840ዎቹ ጀምሮ የካቶሊካውያን ማኅበር ሆና የጸናችውም በዚህ ጸሎት ነው።

በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የተላኩት ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ወደ አገራችን ደረሱ፤ በጓላ በቆዩባቸው ወራትም ለማኅበሩ ካህናትን ቀቡ። ሮም አባ ዩስጢኖስን ጳጳስ እንዲሆኑ መርጣ ሳለ እርሳቸው ለረጅም ጊዜ እምቢ አሉ። በመጨረሻ በጃንዋሪ 1849 በምፅዋ፣ ስደት ስለ ነበረ በሌሊት፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በማሳያ እጅ ተቀቡ። የጳጳስ ሲመት ብዙ ካህናትና ብዙ ሕዝብ የሚጠይቅ ክብረ በዓል መሆኑን ለምናውቅ፣ ያ ሌሊት ምን ያህል ድሃ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ካህናትን በግዕዝ ሥርዓት ለመቀባትም ፈቃድ ተሰጣቸው፤ በ1851 መጀመሪያም አባ ገብረ ሚካኤልን ቀቡ። ሊቁ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ገደማ ነበር።

ስደቱ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። አቡነ ሰላማ ምእመናን ከካቶሊካውያን ጋር እንዳይተባበሩ በውግዘት ከለከሉ። ይህን ስንጽፍ ያረጀ ቁስል ለመነካካት አይደለም፤ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ እህት ቤተ ክርስቲያን ብለን በምንጠራት ቤተ ክርስቲያን ላይ ቂም የምንይዝበት ምክንያት የለም። በዚያ ዘመን ስለ ሃይማኖት መስማማት የሚያውቅ በየትኛውም ወገን ጥቂት ነበር። ነገር ግን ውግዘት በአገራችን ምን ማለት እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። የተወገዘ ሰው ከጎረቤት ማዕድ ይለያል፤ ልጁን ክርስትና የሚያነሣለት፣ ሲሞትበት አብሮት የሚያለቅስለት ያጣል። ስለዚህ ትንሿ ማኅበር ለአባሎቿ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ልትሆን አልቻለችም፤ ጎረቤትም፣ ዘመድም፣ ቀባሪም መሆን ነበረባት። አቡነ ያዕቆብ የሕዝቡን ጾምና በዓል ጠብቀው በማቆየታቸው ምእመናኑ ሌላው ቢቀርባቸው እንኳ የአባቶቻቸውን ክርስትና ካዱ የሚለው ነቀፋ ሐሰት መሆኑን በኑሯቸው ለማሳየት ቻሉ። ጓላን ለቀው ሲበተኑም ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነበራቸው። ሕንፃ በጀርባ አይታዘልም፤ ጸሎት ግን በልብ ይያዛል።

በ1854 አቡነ ያዕቆብ ከአባ ገብረ ሚካኤልና ከሌሎች ደቀ መዛሙርት ጋር ጎንደር ሳሉ ተያዙ። በዚያን ጊዜ ደጃዝማች ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ አገሩን በአንድ ሥልጣንና በአንድ ሃይማኖት ሥር ለማዋል ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ነበር። አለቃውና ደቀ መዛሙርቱ በተለያየ ቦታ ታሰሩ። የደቀ መዛሙርቱ እግሮች በግንድ ተጠረቁ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲክዱም ተገረፉ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስራት በኋላ ወደ ሱዳን ጠረፍ እንዲባረሩ ተፈረደባቸው፤ ከጠባቂዎቻቸው እጅ ወጥተው በብዙ መከራ ወደ ምፅዋ ወገን ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከንጉሡ ሰፈር ጋር ከቦታ ቦታ ተጎተቱ። በሜይ 1855 በንጉሡ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ በቦታው በነበሩት ሰዎች ልመና ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በዚያው ዓመት ኦገስት 28 ቀን በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ የቀበሯቸውም ወታደሮቹ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ሰማዕት ብላ ዐወጀቻቸው።

መምህር ደቀ መዝሙሩን ሲያጣ የሚሰማውን ሐዘን መናገር ከባድ ነው። አቡነ ያዕቆብ የቀሩትን ዓመታት በሐላይ፣ በሔቦ፣ በምፅዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ እየተዘዋወሩ ኖሩ፤ የተበተኑትን ሰበሰቡ፣ አስተማሩ፣ አዲስ ካህናትን ቀቡ። ሐላይና ሔቦ ዛሬ በኤርትራ የሚገኙ ደጋማ መንደሮች ናቸው። የእርሳቸው ዘመን ካህናት መነኮሳት ብቻ አልነበሩም፤ በአገሩ ሥርዓት መሠረት ያገቡም ነበሩ፤ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በመንደሩ ውስጥ አርሰው የሚበሉ፣ በሰንበት የሚቀድሱ።

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በ1859 እና በ1860 የትግሬው ገዥ አገው ንጉሤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ሲዋጉ የፈረንሳይን መንግሥት ወዳጅነት ይፈልጉ ነበር፤ አቡነ ያዕቆብም በዚህ መልእክት መመላለስ ውስጥ ገቡ። ለምእመናኑ ሰላም ያስገኛል ብለው እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ሆኖም በነገሥታት ጠብ መካከል የገባ እረኛ መንጋውን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በ1860 መጀመሪያ በሐላይ እንደገና ታሰሩ። ቅዱሳንን የምናከብረው ስሕተት አልነበረባቸውም ብለን ስላልሆነ፣ ይህን መጻፍ ክብራቸውን አይቀንስም።

ከእስራት ሲፈቱ ጤናቸው ተናግቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የእምኩሉ ሙቀት ስለ ጸናባቸው፣ ከመነኮሳቱና ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ደጋው ወደ ሐላይ ጉዞ ጀመሩ። ትኩሳቱ በመንገድ ላይ በረታ። ጁላይ 31 ቀን 1860 ዓሊገዴ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ሲደርሱ ከዚያ በላይ ለመሄድ አልቻሉም። በምድር ላይ አስተኟቸው፤ ድንጋይ ትራሳቸው ሆነ። ምሥጢረ ቀንዲልን ተቀበሉ፤ በዙሪያቸው የቆሙትን ይቅርታ ጠየቁ፣ ባረኩ፤ በዚያው ዐረፉ። በዚያች ሰዓት ያላቸው ካቴድራል፣ ቤተ ጳጳስ ወይም የጸና ትምህርት ቤት አልነበረም። በዙሪያቸው ያለቀሱት መነኮሳትና ተማሪዎች ነበሩ ቤተ ክርስቲያናቸው።

ዛሬ በአገራችን በደቡብና በምዕራብ በሚገኙ ብዙ ሀገረ ስብከቶች በሌሎች ሚስዮናውያን በኩል የመጣው የላቲን ሥርዓት ይፈጸማል፤ በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር ደሴ ደግሞ የግዕዙ። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚል ክርክር በወጣቶች ማኅበራት ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቻለሁ። አቡነ ያዕቆብ እንዲህ ያለው ክርክር ይገርማቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። እርሳቸው ራሳቸው በላቲን ሥርዓት የተወለዱና ያደጉ ነበሩ፤ የግዕዙን የያዙት ከራሳቸው ስለ በለጠ ሳይሆን ሕዝቡ የሚጸልይበት እርሱ ስለ ነበር ነው። ሕዝቡ የቆመበት ቦታ ሄደው ከሕዝቡ ጋር ቆሙ።

አስከሬናቸው ወደ ሔቦ ተወስዶ ተቀበረ፤ ቦታው እስከ ዛሬ የምእመናን መሳለሚያ ነው። በ1939 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ብፁዕ አሏቸው፤ ኦክቶበር 26 ቀን 1975 ደግሞ ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን ዐወጁ። ከዚያ ሁሉ ቀደም ብሎ ግን፣ ደቀ መዝሙራቸው አባ ተክለ ሃይማኖት ዘአድዋ፣ ከመምህራቸው ጋር የኖሩትን ኑሮና ያዩትን መከራ በእርጅናቸው ዘመን ጽፈው አቆዩ፤ በ1902 እስኪያርፉም ድረስ በዚያችው ትንሽ መንጋ መካከል በክህነት አገለገሉ።